የቡድን ሥራ መከታተያ አፕን ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለቡድን ሥራ የሚያገለግል የሞባይል አፕ ሠርተው፣ አሁን ደግሞ እንዴት እናሻሽለው ለሚሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለ አፕ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት "ምን እንጨምር?" ብለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እምነት ነው። አንድ ቡድን አፑ የሚያሳየውን ማመን ካቆመ፣ የሚያድነው ፊቸር የለም። ከታች ያሉት መልሶች ከሞላ ጎደል ከዚህ የተነሡ ናቸው።

ማሻሻል ከየት ይጀመር?

ሰዎች አፑን ወደ ጎን ትተው ሥራቸውን የሚያስኬዱበትን ቦታ ፈልጉ። ቡድኑ የቻት ግሩፕ አለው? እዚያ ውስጥ "ያ ነገር አለቀ እንዴ?" የሚል ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ ይመጣል? መልሱ አፑ ላይ ተጽፎ እያለ ሰው ቻት ላይ ከጠየቀ፣ አፑን አላመነውም ማለት ነው።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ቡድኑ ሥራውን ሁሉ አፑ ላይ አስገብቷል። ዝርዝሩ ያምራል። የቡድኑ መሪ ግን በየጠዋቱ ለእያንዳንዱ ሰው መልእክት ትልካለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። "አፑ ላይ 'እየተሠራ' ከሚለው ውስጥ ግማሹ አልቋል፣ ግማሹ ገና አልተነካም" አለችኝ። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። በስልክ የአንድን ሥራ ሁኔታ ለመቀየር አራት ስክሪን ማለፍ ነበረባቸው። ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ይሄን አያደርግም። ኮምፒውተር ጋ ስደርስ እቀይረዋለሁ ይላል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ዝርዝሩ ላይ እንዳለ በአንድ ንክኪ እንዲቀየር አደረግነው። የጠዋቱ መልእክት ቀስ በቀስ ቀረ።

ስለዚህ ከሰው አጠገብ ተቀመጡ። አምስት ሰው ይበቃል። የአጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የመከረው ይህንኑ ነው፦ በአንድ ዙር ብዙ ሰው ከመሰብሰብ፣ በአምስት ሰው ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና በሌላ አምስት መሞከር። ስልኩን ስጧቸውና "ትናንት የጨረሳችሁትን ሥራ አልቋል ብላችሁ መዝግቡ" በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ሲንከራተት "እዚያ ጋ ንካው" ማለት ያምራል። አትበሉ። ያ የተንከራተተበት ቦታ ነው የምትፈልጉት።

ተጠቃሚዎች በየጊዜው አዲስ ፊቸር ይጠይቁናል። ሁሉንም እንጨምር?

አይሆንም። ግን አትናቋቸው። "ይሄን የፈለጋችሁት ምን ስትሠሩ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ካላንደር ጨምሩልን ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው በዚህ ሳምንት የሚደርሱበትን ሥራዎች ማየት ነው። ይህን ደግሞ ዝርዝሩን በቀን በመደርደር ብቻ ልትሰጡት ትችላላችሁ። አዲስ ሥራ ሲመዘገብ የሚሞላ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር ደግሞ አፑ ላይ የማይመዘገብ ሥራ ይበዛል። ርዕስ ብቻ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻል። ሌላው በኋላ ይሞላል።

የስልኩ አፕ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሁሉ መያዝ አለበት?

የለበትም ባይ ነኝ። ሰው ስልኩን የሚያወጣው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ብዙ ጊዜም በአንድ እጁ። ዛሬ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? ይሄ አልቋል። ፎቶ አንስቼ ላያይዘው። ለጠየቀኝ ሰው ልመልስለት። የመጣልኝን ሐሳብ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው። ስልኩ ላይ እነዚህ አምስቱ እንከን የለሽ ይሁኑ። የሦስት ወር ዕቅድ ማውጣት ሰፊ ስክሪን ይፈልጋል።

በጣም የሚያስቸግረው የካንባን ሰሌዳ ነው፤ ሥራዎች በካርድ ተጽፈው እንደ ደረጃቸው በዓምዶች የሚደረደሩበት ማለት ነው። ካንባን የመነጨው ከቶዮታ ፋብሪካ ነው፣ ታይቺ ኦኖ ከዘረጋው አሠራር። ጥንካሬው የሥራው ፍሰት በሙሉ በአንድ ዓይን መታየቱ ነው። ስልክ ላይ ግን በደንብ የሚነበበው አንድ ዓምድ ብቻ ነው። ካርዱን በጣት ተጭኖ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ መጎተት፣ ሰሌዳው እስኪንቀሳቀስ መጠበቅ፣ ከዚያ በትክክለኛው ቦታ መልቀቅ አለ። ብዙ ጊዜ ካርዱ ያልታሰበበት ዓምድ ላይ ያርፋል። ባለቤቱም ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ መጎተቱ እንዳለ ሆኖ፣ ካርዱ ላይ "ወደ... አዛውር" የሚል ቁልፍ ይኑር። ከተዛወረ በኋላም ለጥቂት ሰከንድ "መልስ" የሚል አማራጭ ይታይ።

ስለ ቁልፎቹ መጠን ብዙ መከራከር አያስፈልግም። አፕል ቢያንስ 44 በ44 ፖይንት፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ ይላሉ፤ ሁለቱም የስክሪን መለኪያ አሃዶች ናቸው። በተደጋጋሚ የሚነካው ነገር ከታች፣ አውራ ጣት በሚደርስበት ይሁን። "ሰርዝ" ከ"አልቋል" አጠገብ አይቀመጥ።

ኔትወርክ ሲጠፋ ሰዎች የጻፉት ይጠፋባቸዋል። ምን እናድርግ?

ከሁሉም በፊት ይሄን አስተካክሉ። አንድ ሰው አሥር መስመር ጽፎ "አስቀምጥ" ሲል የስህተት መልእክት መጥቶ ጽሑፉ ከጠፋ፣ ያ ሰው ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚጽፈው የስልኩ ማስታወሻ ላይ ነው። አፑ ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ በቅድሚያ ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ለዚህ ስልኩ ላይ መረጃ የሚያስቀምጠው ትንሹ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ኤስኪውላይት በቂ ነው፣ አንድሮይድም አይፎንም ላይ ይሠራል። ለውጡ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ይታይ። ከዚያ ወደ ሰርቨር (የሁሉም ሰው መረጃ ወደሚሰበሰብበት ኮምፒውተር) የሚላክበት ወረፋ ውስጥ ይግባ። ካልተላከ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይሞከር፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ከዚያ ደግሞ ራቅ ብሎ። ያለማቋረጥ መሞከር ባትሪ ይጨርሳል፣ ሰርቨሩንም ያጨናንቃል።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ለውጥ መለያ ቁጥር መሰጠት ያለበት ስልኩ ላይ ነው። መልእክቱ ሰርቨር ደርሶ፣ "ደርሶኛል" የሚለው ምላሽ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል። መለያ ከሌለው አንድ ሥራ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። መለያ ካለው ሰርቨሩ "ይሄን አይቼዋለሁ" ብሎ ያልፈዋል።

ያልተላከ ነገር ካለ ደግሞ አትደብቁ። ከሥራው ጎን ትንሽ ምልክት፣ ሲነካ "ገና አልተላከም" የሚል። ሰው ምልክቱን አይቶ ይረጋጋል፣ ወይም ለባልደረባው ይደውላል። የሚጎዳው ደርሷል ብሎ ሲያስብ አለመድረሱ ነው።

ሁለት ሰዎች አንድን ሥራ በአንድ ጊዜ ሲቀይሩስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ አፖች ሳይታወቃቸው ሥራ የሚያጠፉት። አንደኛዋ ቀነ ገደቡን ከረቡዕ ወደ ዓርብ አዛወረች። በዚያው ሰዓት ሌላው ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆኖ መግለጫውን አስተካከለ። የእሱ ስልክ ኔትወርክ ሲያገኝ ሥራውን በሙሉ ከነአሮጌው ቀን ላከ። ሰርቨሩ የመጨረሻውን ተቀበለ። ቀኑ ወደ ረቡዕ ተመለሰ። ማንም አላወቀም። ዓርብ ነው ያለችው ሰው ረቡዕ ዕለት ለምን አልጨረስሽም ትባላለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልኩ ሥራውን በሙሉ አይላክ፣ የተቀየረውን መስክ (ቀኑን ወይም መግለጫውን) ብቻ ይላክ። እሱ የቀየረው መግለጫውን ብቻ ስለሆነ ቀኑ አይነካም። በዚህ ብቻ አብዛኛው ግጭት ይጠፋል። አስተያየቶች ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ የሚደመሩ ስለሆኑ አይጋጩም። የሚቀረው ሁለት ሰዎች አንዱን መግለጫ ሲጽፉ ነው። ያኔ ሁለቱንም አስቀምጡና ለሰው አሳዩት። ማሽኑ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲጥል አታድርጉ።

የትኛው ቀደመ የሚለውን በስልኩ ሰዓት አትወስኑ። የስልክ ሰዓት ይሳሳታል፣ ባለቤቱም ይቀይረዋል። ሥራው በተቀየረ ቁጥር ሰርቨሩ በሚሰጠው የቅጂ ቁጥር ተመሩ። የተሰረዘም ነገር ወዲያው አይጥፋ። ለ30 ቀን ያህል የሚመለስበት ቦታ ይኑረው።

ተጠቃሚዎቻችን ኖቲፊኬሽን ይዘጋሉ። እንዴት እንመልሳቸው?

አንዴ የዘጋን ሰው መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ እንዳይዘጋ ማድረጉ ይሻላል።

ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ፣ አፕ ኖቲፊኬሽን ለመላክ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አይፎን ላይማ ድሮም እንደዚያው ነበር። የአይፎኑ የፈቃድ ጥያቄ የሚወጣው አንዴ ነው። ሰውየው "አይ" ካለ ከዚያ በኋላ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መክፈት ይጠበቅበታል። ያቺን አንድ ዕድል አፑ ገና እንደተከፈተ አታባክኗት። ሰውየው ምንም ባላየበት ሰዓት ለምን ይፈቅዳል? ለባልደረባው የመጀመሪያውን ሥራ ሲሰጥ ወይም ጥያቄ ሲጽፍ፣ "መልስ ሲመጣ እንንገርዎት?" በሉት። ያኔ ምክንያቱ ይገባዋል።

ከዚያ ምን ይላክ? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፦ ይህ መልእክት ከዚህ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ? ሥራ ተሰጥቶታል። ስሙ ተጠርቶ ተጠይቋል። ቀኑ ደርሶበታል። እሱ ባለመጨረሱ ሌላ ሰው ቆሟል። እነዚህ ይላኩ። አንድ ሰው የሥራውን ቀለም ቀየረ የሚለው አይላክ። አንድ ሥራ ላይ አሥር አስተያየት ከተጻፈ ስልኩ አሥር ጊዜ አይጩህ፣ ተሰብስቦ አንድ ይሁን። ሰው ራሱ ያደረገውንም መልሳችሁ አትንገሩት። በተቀባዩ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊት ከሆነ ይቆይ። አንድሮይድ ከ8 ጀምሮ ኖቲፊኬሽኖችን በዓይነት መክፈል ይፈቅዳል፤ ተጠቀሙበት። የሰለቸው ሰው የሰለቸውን ዓይነት ብቻ ይዝጋ።

ኖቲፊኬሽኑ ሲነካ ደግሞ ቀጥታ ያንን ሥራ፣ ያንን አስተያየት ይክፈት። መነሻ ገጽ ላይ ጥሎ "ፈልገው" ማለት ሰውን ያስመርራል።

አንድ የቴክኒክ ማሳሰቢያ። ኖቲፊኬሽን በሰዓቱ ይደርሳል ብላችሁ አትመኑ። አንድሮይድ ከ6 ጀምሮ ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ ባትሪ ለመቆጠብ የአፖችን እንቅስቃሴ ይገድባል። መልእክት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ አፑ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ነገር መኖሩን ራሱ ሰርቨሩን ይጠይቅ።

የቡድናችን አባላት የተለያየ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። ቀነ ገደብ ይዛባብናል።

"ዓርብ ይድረስ" እና "ዓርብ በዚህ ሰዓት ይድረስ" የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ያለ ሰዓት እንደ ቀን አስቀምጡት። እኩለ ሌሊት የሚል ሰዓት ለጥፋችሁ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ካስቀመጣችሁት፣ ወደ ምዕራብ ላለው ሰው ሐሙስ ሆኖ ይታየዋል። ሁለተኛውን በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጡ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰዓት አሳዩ።

አፑ ዘገምተኛ ነው ይሉናል። እኛ ስልክ ላይ ግን ፈጣን ነው።

የእናንተ ስልክ አዲስ ነው፣ ዝርዝራችሁም አጭር ነው። ርካሽና ያረጀ ስልክ ግዙ። ሁለት ሺህ ሥራ ያለበት ፕሮጀክት ክፈቱበት። ችግሩ ያኔ ይታያችኋል።

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጣቸው ሦስት ልኬቶች እስካሁን ይሠራሉ። ምላሹ በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ሰው ወዲያው የሆነ ይመስለዋል። እስከ 1 ሰከንድ ድረስ መዘግየቱን ያስተውላል፣ ሐሳቡ ግን አይቋረጥም። ከ10 ሰከንድ በላይ ትኩረቱ ይሄዳል። "አልቋል" የሚለው ንክኪ 0.1 ውስጥ መግባት አለበት። ከላይ ያልኩት ስልክ ላይ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይህንንም ይፈታል፣ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው የለምና። ዝርዝሩን ሁሉ በአንዴ አትጫኑ። የተያያዘ ፎቶ በዝርዝሩ ላይ በትንሹ ይታይ፣ ሙሉው ሲነካ ይምጣ።

አንድሮይድ ላይ አፑ ለንክኪ በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ "ምላሽ እየሰጠ አይደለም" የሚለው መልእክት ይመጣል። ጉግል ፕሌይ ይህን ይቆጥራል። በቀን ውስጥ አፑ ምላሽ ያቆመባቸው ተጠቃሚዎች ከ0.47 በመቶ፣ በድንገት የተዘጋባቸው ደግሞ ከ1.09 በመቶ ካለፉ አፑ በስቶሩ ውስጥ ሰው ዓይን የሚገባበት ዕድል ሊቀንስ ይችላል።

ለሥራው ስንት ዓይነት ሁኔታ ያስፈልጋል?

አልተጀመረም፣ እየተሠራ ነው፣ አልቋል። አራተኛ ካስፈለገ "ቆሟል"፣ ግን ለምን እንደቆመ አንድ መስመር ይጻፍበት። ሁኔታውን በቀለም ብቻ አታሳዩ። ከ12 ወንዶች አንዱ ያህል ቀለም የመለየት ችግር አለበት፤ ቀይና አረንጓዴው ይመሳሰሉበታል። ቃል ወይም ቅርጽ ይኑር።

አንድን ሥራ ለሁለት ሰው መስጠት ይቻል?

ባለቤቱ አንድ ይሁን። ሌሎቹ ሥራውን የሚከታተሉ ሆነው ይጨመሩ። ሁለት ባለቤት ያለው ሥራ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ቀኑ ያልፋል።

አለቆች የእያንዳንዱን ሰው አፈጻጸም የሚያሳይ ገጽ ይፈልጋሉ። እንሥራላቸው?

ይህን ጥያቄ ሁሌም በጥንቃቄ ነው የምመልሰው፤ ክፍያውን የሚፈጽሙት አለቆች ናቸውና። ሆኖም ሰው በጨረሰው ሥራ ብዛት የሚደረደርበት ገጽ አትሥሩ። ቁጥሩ እንደሚታይ ሰው ካወቀ አንዱን ሥራ አምስት አድርጎ ይመዘግባል። ከባዱን ሥራ የያዘችው ሰው ከታች ትሆናለች። ብዙም ሳይቆይ አፑ ላይ ያለው መረጃ ለአለቃ ዓይን የተዘጋጀ ይሆናል፣ ለሥራም አይጠቅምም።

አለቃው በእርግጥ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ ፕሮጀክቱ በቀኑ ይደርሳል ወይ? የት ነው የተያዘው? ይህን አሳዩት። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሱ ሥራዎችን፣ ማንን እየጠበቁ እንደቆሙ፣ ቀናቸው ደጋግሞ የተገፋውን። አንድ ሰው ላይ ብዙ ተደራርቦ ከሆነም ይታይ፣ ግን እንዲታገዝ። አለቃ ስለ ሠራተኛው የሚያየውን ሠራተኛውም ማየት አለበት። ተደብቆ የሚታይ ነገር እንዳለ የተጠራጠረ ሰው አፑ ላይ እውነቱን አይጽፍም።

አዲስ ዲዛይን ስናወጣ ሰዎች ይቆጣሉ። እንዴት እናውጣ?

በጥቂቱ፣ አንድ አንድ ነገር። አፕ ስቶር አፕዴትን በ7 ቀን ቀስ በቀስ የማውጣት አማራጭ አለው፦ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ ከዚያ 100 በመቶ። ጉግል ፕሌይ ላይ ደግሞ መጠኑን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ችግር ከታየ ታቆሙታላችሁ።

የቡድን አፕ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ስቶሮቹ ሰዎቹን የሚመርጡት በዘፈቀደ ነው። ከአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱ አዲሱን፣ አራቱ አሮጌውን ያያሉ። አንዷ "ከታች ያለውን ቁልፍ ንካው" ስትል ሌላው ቁልፉ የለውም። ስለዚህ አዲሱ ነገር አፑ ውስጥ ተዘግቶ ይውጣ፣ ከዚያ ከሰርቨር ሆናችሁ ቡድን በቡድን ክፈቱት። መላው ቡድን በአንድ ቀን ይቀየር፣ የቡድኑ መሪም አስቀድማ ትወቅ። አፕዴት የማያደርግ ሰውም ይኖራል። ሰርቨሩ የቆዩትን ቅጂዎች ለወራት መቀበሉን ይቀጥል።

ማሻሻያው መሥራቱን በምን እናውቃለን?

ሰው አፑ ውስጥ በቆየበት ደቂቃ አትለኩ። እንዲህ ያለ አፕ ጥሩ ሲሆን ሰው ቶሎ ይወጣል። እኔ የማየው ይሄን ነው፦ ቀናቸው ካለፈ በኋላ ማንም ሳይነካቸው የተቀመጡ ሥራዎች እየቀነሱ ነው? ሥራ የተሰጠው ሰው በስንት ጊዜ ውስጥ ከፈተው? የሥራው ሁኔታ የሚቀየረው በየቀኑ ነው ወይስ ስብሰባ ሊጀመር ሲል በጅምላ? የመጨረሻው ብዙ ይናገራል። ከስብሰባ በፊት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ከተቀየረ፣ አፑ የሪፖርት ማሟያ ሆኗል። ቁጥሩንም በቡድን ተመልከቱት። አንድ ሰው ብቻውን ቢመለስ ቡድኑ ተመልሷል ማለት አይደለም።

ከቡድኑ ሰው ሲለቅ ሥራዎቹ ምን ይሆናሉ?

ሥራዎቹ የቡድኑ ናቸው፣ ይቀራሉ። ሰውየው ሲወጣ አፑ ያልተጠናቀቁ ሥራዎቹን ዘርዝሮ "ለማን ይተላለፉ?" ብሎ መሪውን ይጠይቅ። ይህ ካልተደረገ ሥራዎቹ በሌለ ሰው ስም ተቀምጠው ለወራት ይረሳሉ። በሌላ በኩል የግል መረጃው የራሱ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ አካውንት የሚከፈትበት አፕ ሁሉ አካውንቱን እዚያው አፑ ውስጥ ማጥፋት እንዲያስችል ያስገድዳል፤ ጉግል ፕሌይም ተመሳሳይ ደንብ አለው። ሲያጠፋ ስሙና ፎቶው ይነሣ። የጻፋቸው አስተያየቶች ግን "የቀድሞ አባል" በሚል ይቆዩ፤ ለምን እንዲህ ተወሰነ የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።